የታችኛው ኩሬ ጾም

ላቀች ወንፊቱን ወደ ኩሬው ሰድዳ ስታወጣው ሰባት ዓሦች ተይዘዋል። ጣት የሚያካክሉ፣ ሆዳቸው የተገለበጠ፣ ዓይናቸው ነጭ የሆነ። ሣሩ ላይ ደፋቻቸው። አንዱ ከወንፊቱ ተጣብቆ አልወርድ ቢላት በጣቷ ገፋችው፤ ልሃጩ ተዝለግልጎ ተከተላት። እጇን በሣሩ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ አሸተተችው፤ ባታሸተው ይሻላት ነበር። የከረመ ሊጥና የበሰበሰ ገለባ አንድ ላይ የቦካ ይመስላል። ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ አጥብቃ አሰረችው። ሽታው በነጠላውም ውስጥ አለ።

"ኤዲያ! አሁንስ ሊያስመልሰኝ ነው" አለች ለራሷ።

ይህ የታችኛው ኩሬ ነው። ትናንት ውኃው አረንጓዴ ነበር፤ ዛሬ አተላ መስሏል፤ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ፣ አረፋው ላይ ዝንብ ይርመሰመስበታል። ከሞቱት ይልቅ ግን የሚቀፉት የቀሩት ነበሩ። በአንዱ ጥግ ተፋፍገው፣ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ድምፅ የለውም። መቶ፣ ሁለት መቶ ክብ አፍ ዝም ብሎ ይለምናል።

ላቀች ያንን አፍ ታውቀዋለች። በሰባ ሰባት የመጀመሪያ ልጇ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ የምታለቅስበት አቅም ካለቀ በኋላ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ አሁንም አታወራም። ወንፊቱን አነሣችና ስምንተኛውን አወጣች።

ኩሬዎቹ ከወገዳ ከተማ ቁልቁል፣ ምንጩ በሚወርድበት ቦይ ዳር፣ ከላቀች አጥር ሥር ናቸው። አሥር ወጣቶች ተደራጅተው ቆፈሯቸው፤ ፕላስቲክ አነጠፉባቸው፤ በየኩሬው አራት መቶ አራት መቶ የቀረሶ ዓሣ ጫጩት ጨመሩባቸው። ከማኅበርተኞቹ የዓሣ ነገር የሚገባት የላቀች የልጅ ልጅ ራሄል ብቻ ናት፤ ባሕር ዳር አራት ዓመት የተማረችው እሱን ነው። ላቀች ናት ያሳደገቻት፤ እናቷ ስትሞት ራሄል ጡት ከጣለች ገና ወሯ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ተምራ ዓሣ ቀላቢ ሆና መመለሷ ለላቀች አልዋጥ ብሏት ከርሟል። በዕድሜዋ ዓሣ ቤቷ ገብቶ አያውቅም፤ ሽታው ልብሷ ላይ የቀረ እንደሆነ አጥባ አትረካም። ግን የራሄል ነው። የራሄል ከሆነ ምን ታድርግ፤ ወፍ እየጠበቀች፣ ዳሩን እየጠረገች ቆየች።

በሰኔ መባቻ ራሄል አንድ ደብተር ይዛ መጣች። የላይኛው ኩሬ በየቀኑ ይበላል፤ የታችኛው በሳምንት ሁለት ቀን መኖ አይሰጠውም። ቀኑን ማንም እንዳይረሳው ረቡዕና ዓርብ አደረገችው። ደብተሩ ላይ ለበሉበት ቀን "ፍ"፣ ለተከለከሉበት ቀን "ጾ" ትጽፋለች፤ ፍስክና ጾም ማለቷ ነው። ማኅበርተኞቹ በሣቅ ፈረሱ።

"ዓሣውንም ክርስትና አነሣሽው?" አላት ሰብሳቢው ይግዛው። "ስሙንስ ማን አላችሁት፣ ወልደ ቀረሶ?"

ራሄል አብራ ሣቀች። ለአያቷ ግን አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት።

"እምዬ፣ አንድ ቀን ሲቀርበት በማግሥቱ አጥብቆ ይበላል። ያጣውን ያካክሳል፤ ከጓደኞቹ እኩል ይደርሳል። መኖ ይተርፋል፣ ውኃውም አይቆሽሽም።"

"ካልደረሰስ?"

"ይደርሳል። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከወረዳ ባለሙያው መጥቶ የሁለቱንም ኩሬ ዓሣ ይመዝናል። ከተስተካከሉ አዲስ ጫጩት ይመጣልናል፤ ኩሬዎቹም በእኔ ኃላፊነት ይቀጥላሉ።"

"ካልተስተካከሉስ?"

"እምዬ ደግሞ! ክፉ ክፉውን ብቻ ነው የሚታይሽ።"

ካልተስተካከሉ ይግዛው ራሄልን አንሥቶ ሌላ ሰው ሊያስገባ እንደሚፈልግ ላቀች ከጎረቤት ሰምታለች። እሱም አሳስቧት ነበር። ከሁሉ የሰቀጠጣት ግን ጫጩት ማስጾሙ ነው። ምኑ ይጾማል? ጣት የማያህል ነገር፣ ምን ሥጋ አለውና ነው የሚቀጣው? የመጀመሪያው ረቡዕ ጧት የነፍስ አባቷ ቄስ ፈንታ በደጅ ሲያልፉ አስቆመቻቸው።

"አባቴ፣ ሕፃን ይጾማል ወይ?"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ኧረ ገና ወራቱ ነው።"

"ወራቱ?" ቄስ ፈንታ መስቀላቸውን ከጉያቸው ሲያወጡ እጃቸው ቆመ። "ሰባት ዓመት ሳይሞላው ምን በወጣው! ማነው እንዲህ ያለ ጨካኝ? አብሉት እንጂ እሜቴ ላቀች፣ ምን ይጠየቃል፣ አብሉት!"

መስቀሉን ተሳለመች። ከቄሱ አፍ "አብሉት" ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቀራት?

የራሄል መኖ፣ የኑግ ፋጉሎውና ፍሩሽካው፣ እየተመዘነ ነው የሚቀመጠው፤ እሱን አልነካችም። ከራሷ የገብስ ዱቄት አንድ ጣሳ ሰፍራ፣ በውኃ ለውሳ፣ ራሄል ወደ ወገዳ ስትወጣ ጠብቃ የታችኛው ኩሬ ላይ በተነችው። እሷ ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰችም። ራሷ እየጾመች እነሱን አበላች። ዓርብም እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማለዳ ማለዳ አፋቸውን ከውኃው በላይ ሲከፍቱ አየች። ራባቸው፣ አለች፤ ሁለት ጣሳ አደረገችው። በሦስተኛው ደረቅ እንጀራ ፈርፍራ ጨመረችበት። ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም። ትናንት፣ ሰማዩ ለሦስተኛ ቀን እንደ ዳመነ በዋለበት ዓርብ፣ ሦስት ጣሳ ሙሉ ሰጠቻቸው። ዛሬ ደግሞ ሬሳቸውን በወንፊት ትለቅማለች።

"አንሷቸው ነው" አለች፣ ሌላውን እያራገፈች። "አራት ብሰፍር ኖሮ!"

ራሄል ቁልቁለቱን እየሮጠች ስትወርድ ፀሐይ ከደመናው ጀርባ ትንሽ ከፍ ብላለች። ኩሬው ዳር ስትደርስ ቆመች። ከዚያ በጉልበቷ ወርዳ እጇን ውኃው ውስጥ ከተተች፣ አውጥታ አሸተተች፣ ፊቷ ተጨማደደ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እምዬ?"

"ወፍ ሲንጫጫ ስወጣ እንዲህ ሆነው ቆዩኝ።"

"ይኼ ሽታ ከየት መጣ? በልክ ነው እኮ የምሰጣቸው!" ወደ ቦዩ ዘልላ ሄዳ የተዘጋበትን ጭቃ በእጇ ታፈርስ ጀመር። "ንጹሕ ውኃ ይግባባቸው። ነይ፣ ያንን ድንጋይ አንሺልኝ።"

ሁለቱ ተጋግዘው ቦዩን ከፈቱት። ምንጩ እየተንፏፏ ገባ። ጥግ የነበሩት ዓሦች ቀስ በቀስ ወደ ውኃው መግቢያ ዞሩ። ላቀች ለመናገር አፏን ከፈተች። ምን ልትል ነበር? ትንሽ አብልቻቸው ነበር፣ ግን አልበቃቸው አለ? ከዳገቱ የሰው ድምፅ መጣና አፏን መልሳ ዘጋችው።

ይግዛው ባለሙያውን ኤፍሬምን ከኋላ አስከትሎ ወረደ። የጃኬቱን ኮሌታ አፍንጫው ላይ ከፍ አደረገ፤ ሣሩ ላይ የተደፋውን አየና በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"ፍስካቸውን ሳያዩ አለቁልሽ!" አለ። "ላይኛው ያው በየቀኑ የበላው ይዘላል። ያንቺ ጿሚዎች ግን ገነት ገቡ።"

ራሄል ቀና ብላ ኤፍሬምን ሰላም አለችው፤ እጇ ጭቃ ስለነበር ክንዷን ሰጠችው።

"እንዲያው ከሚጣል" ቀጠለ ይግዛው "አስጥተን እንፍጨውና ለላይኞቹ እንስጣቸው። ፕሮቲን ነው አይደል?"

"ወንድሙን ለወንድሙ?" አለች ላቀች፣ ወንፊቱን እያነሣችበት። "ሂድ ወዲያ! ከኩሬው ያንተ አፍ ይብሳል።"

"ኧረ እማማ ላቀች፣ በሳይንስ ነው እኮ የምናወራው።"

"ሳይንስህን እዚያው!"

ኤፍሬም ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ቁጢጥ ብሎ ከሞቱት ሦስቱን መረጠ፤ ከቦርሳው ምላጭ አወጣ፤ የመጀመሪያውን በግራ መዳፉ አጋድሞ ሆዱን ሰነጠቀው። ላቀች ፊቷን ልታዞር ፈልጋ አልቻለችም። ከተሰነጠቀው ሆድ አንጀት አይደለም የወጣው፤ ነጭ፣ እርጥብ፣ የተድቦለቦለ ነገር ተዘረገፈ። ኤፍሬም በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው።

"ገብስ" አለ።

ሁለተኛውን ሰነጠቀ። ሦስተኛውን ሰነጠቀ። ሦስቱም ሆድ አንድ ዓይነት ነው። ላቀች ሊጧን ለየችው። በራሷ እጅ የለወሰችው፣ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ከራሷ አፍ በፊት የሰጠችው፣ ከዓሣ ሆድ ወጥቶ በሰው መዳፍ ላይ ተቀምጧል፤ ደምና ሐሞት ነክቶታል። ምራቋ ሞላ። ዋጠችው። ተመልሶ ሞላ።

"ትናንት ዓርብ ነበር" አለ ኤፍሬም ቀና ብሎ። "ደብተሩ ምን ይላል?"

"ጾም ነው የሚለው" አለች ራሄል።

"ይኼ የጾመ ሆድ አይደለም። ይኼ ከሠርግ የተመለሰ ሆድ ነው።"



"እና በምን ሞቱ?" አለች ላቀች፤ ድምፅዋ ከነጠላው ውስጥ ቀጥኖ ወጣ። "ርቧቸው አይደለም?"

"በረሃብስ አልሞቱም እማማ። ከበሉት የተረፈው ታች ወርዶ በሰበሰ። የሚበሰብስ ነገር የውኃውን አየር ይጨርሰዋል። ደመና ሲሆን ደግሞ ይብሳል።"

"አፋቸውን የሚከፍቱትስ? ያ የሚለምኑት?"

"አየር ፍለጋ ነው እንጂ እህል ፍለጋ አይደለም። ታፍነው ነው። በዚያ ሰዓት ምግብ የጨመረባቸው ሰው አንገታቸውን ያነቃቸው ያህል ነው።"

ላቀች አጥሩን ያዘች።

ይግዛው እጁን አጨበጨበ፤ አንድ ጊዜ፣ ጮክ አድርጎ። "በሉ እንግዲህ! በደብተር ጾም፣ በስውር ድግስ! ዛሬ ሲመዘኑ ከላይኛው እኩል እንዲሆኑላት እየደበቀች ስትቀልብ ነው የከረመችው። እኔ ሳይንስ ሳይንስ ስትል ጠርጥሬ ነበር።"

"እኔ አልቀለብኩም" አለች ራሄል።

"ገብሱ በእግሩ ነው የገባው?"

ራሄል መልስ ልትሰጥ ዞረችና ዓይኗ የአያቷ ቀሚስ ላይ ወደቀ። ጫፉ ላይ የደረቀ ነጭ ዱቄት አለ። ቀና ብላ ፊቷን አየቻት። ረጅም ጊዜ አልፈጀባትም። ጉንጯ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ መጸየፍ ይሁን ማዘን ላቀች መለየት አልቻለችም፤ የሚሻለው ማዘን ነበር፣ ግን መጸየፉም አለበት። ከዚያ ራሄል ወደ ኤፍሬም ዞረች።

"ኩሬው በእኔ እጅ ነው ያለው" አለች። "ጥፋቱም የእኔ ነው።"

"ይኸው አመነች!" አለ ይግዛው።

ኤፍሬም ምላጩን በሣር ጠረገ። "ራሄል፣ እንዲህ ከሆነ ደብተርሽን መቀበል አልችልም። የላይኛውንም ጭምር። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን በምን አምነዋለሁ? ማን እንደመገበ፣ ስንት እንደመገበ ካላወቅሁ የሞቱትም የዳኑትም ምንም አይነግሩኝም።"

ራሄል በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ያ እሺታ ነው ላቀችን ያንገሸገሻት። ልጅቷ ስሟን አውጥታ ለይግዛው እግር ልታነጥፍለት ነው፤ ለምን? የአያቷ ቀሚስ ዱቄት እንዳይታይ። ሽታው ከኩሬው አይደለም አሁን፤ ከራሷ መዳፍ ነው የሚመጣው። በሣር ብትጠርገው አይለቅም።

ቄስ ፈንታ ጩኸቱን ሰምተው ከመንገድ ወደ ታች ዘልቀው ነበር። "ሰላም ነው? ምን ሆናችሁ?"

"አባቴ" አለች ላቀች። ነጠላውን ከአፍንጫዋ አወረደችው። "ያ ሕፃን ትዝ ይልዎታል? ያ ይጾማል ወይ ያልኩዎት?"

"እንዴት ይረሳኛል! ምን ሆነ፣ ታመመ?"

"ዓሣ ነበር።"

ቄስ ፈንታ ወደ ኩሬው አዩ፣ ወደ ሣሩ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። "ዓሣ?"

"ዓሣ። አብሉት አሉኝ፤ እኔም አበላሁት። ስምንቱንም ጾም በገብስ ዱቄት አበላሁት። ልጅቷ አታውቅም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

"እሜቴ ላቀች!" ቄስ ፈንታ መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ። "እኔ እኮ ሦስት ቅዳሴ ሙሉ ስለዚያ ሕፃን ስለምን ከረምኩ!"

ኤፍሬም ከንፈሩን ነከሰ። ይግዛው ግን እየሣቀ ቁጭ አለ። "ወልደ ቀረሶ ብዬ አልነበር? ጸሎትም ተደረገለት!"

"አንተ ዝም በል" አለችው ላቀች፤ አልጮኸችም። "ልጅቷን አታላይ ያልካትን ምላስህን መጀመሪያ መልሰው።" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ራሄል፣ ደብተሩን አምጪው።"

"እምዬ ተይው።"

"አምጪው አልኩሽ።"

መሠረተ ትምህርት የተማረችው ልጅ እያለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፈችው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እርሳሱን እንደ መርፌ ያዘችው። የመጀመሪያውን "ጾ" ልትሰርዘው ስትል ኤፍሬም እጁን ጣል አደረገባት።

"አይሰርዙት እማማ። የነበረው እንዳለ ይሁን። ጎኑ ላይ እውነቱን ይጻፉ።"

ጎኑ ላይ ጻፈች። "ላቀች አበላች። አንድ ጣሳ።" ሁለተኛው ላይም አንድ ጣሳ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ። በሦስተኛው ደረቅ እንጀራውን ጨመረችበት። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ማብላቷን ሁሉም ቢያውቅም ሦስት ጣሳ ብሎ መጻፉ ከበዳት። ጻፈችው። ፊደሎቿ ትልልቅ ነበሩ፤ ከመስመር ወጥተው የራሄልን ሥርዓት ያለው ጽሕፈት አጨናነቁት።

ኤፍሬም ደብተሩን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። "አሁን ይነበባል" አለ። "ጾሙ አልተፈተነም፤ እሱ እንደገና ነው የሚጀመረው። ያበላሸው ግን ጾሙ እንዳልሆነ እዚህ ተጽፏል። በሪፖርቴም እንዲሁ ብዬ ነው የማስገባው።"

"ኃላፊነቱስ?" አለ ይግዛው፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ።

"ኩሬውን የሚያውቅ ሰው ከእሷ ሌላ አላችሁ?"

ይግዛው ጫማው ላይ የተጣበቀውን ልሃጭ በድንጋይ ይፍቅ ጀመር።

"ግማሹ ገና ሕይወት አለው" አለ ኤፍሬም ወደ ራሄል ዞሮ። "ውኃው ሳይቋረጥ ይግባ። ለሦስት ቀን፣ ዛሬን ጨምሮ፣ ፍርፋሪ እንኳ እንዳይነካቸው። ነገ ጧትም አፋቸውን ሊከፍቱ ይችላሉ፤ የሚጠብቃቸው ሰው ልቡ መጥናት አለበት። ማን ነው የሚጠብቀው?"

"እሳቸውን ብቻ ከዚህ አርቁልን እንጂ" አለ ይግዛው።

ራሄል ጭቃ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አያቷን አላየቻትም። "እምዬ ትጠብቃለች" አለች።

ቄስ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ነገ እኮ እሑድ ነው። በሰንበት እህል መከልከል..." ብለው ጀመሩና ኩሬውን አይተው ተዉት። "ለዓሣ የተጻፈ ሥርዓት እንኳ አላውቅም። እንግዲህ እናንተው ታውቃላችሁ።"

በጥጉ ክብ አፎቹ አሁንም ከውኃው በላይ ናቸው። ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።  ጣሳው ከአጥሩ ሥር፣ ከቅጠሉ ጀርባ፣ ዱቄት ተርፎበት ተቀምጧል፤ ለማውጣት ሦስት እርምጃ ነው። ላቀች ዓይኗን ከአፎቹ ነቀለች።

"ደብተሩን ስጠኝ" አለችው ኤፍሬምን።

ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ የሚመጣውን ቀን ጻፈች። ጣቷ ላይ የቀረው ልሃጭ ወረቀቱን አራሰው፤ ሽታው ወደ ላይ ወጣ፤ አፍንጫዋን አልሸፈነችም። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ እርሳሱን ጫነችው።

"እሑድ፦ ጾ።"